ለጾመኛው የተሰጠ ይቅርታ

ዓብዱሰመድ የሱቁን በር ከፍቶ፣ ገና የመጀመሪያው ደንበኛ ሳይገባ ነገሩን አነሳው።

«ማክሰኞ እኔው ራሴ ቆሜ እምላለሁ» አለ፣ የጨርቅ ጥቅል ከመደርደሪያው እያወረደ። «ዳኛው ፊት፣ በአላህ ስም፣ ይሄ ሰው ያን ቀን ጾመኛ ነበር፣ ከንፈሩን ውሃ አልነካውም እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ይላሉ?»

ልደቱ መጥረጊያ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። መንጃ ፈቃዱን ፖሊስ ከወሰደበት ወዲህ ሥራው ሱቅ መጥረግና ጥቅል መሸከም ሆኗል። አቧራውን ወደ ውጭ ገፋው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ መልሶ አስገባው።

«ጠበቃው የጻፈው ይበቃል እኮ፣ ዓብዱ። አንተ መድከም የለብህም።»

«ምን ድካም አለው? እውነት መናገር ደግሞ ድካም ሆነ? አቦ አትጨናነቅ!»

ዓብዱሰመድ በዕድሜ ለልደቱ አባት ይሆነዋል። «አንቱ» ብሎት ግን አያውቅም። ሁለቱም የድሬዳዋ ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸው «አንቱ» ከገባ አንዱ ተቀይሟል ማለት ነው። ልደቱ ወደ ጅቡቲ መጥቶ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ባለው በዚህ የጨርቅ ሱቅ ሥራ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ናጋድ ባቡር ጣቢያ እየወረደ ከድሬዳዋ የሚመጣውን ዕቃም እንግዳም በዓብዱሰመድ ፒክአፕ የሚያመጣው እሱ ነበር። የሚያድረው ዓብዱሰመድ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ናዝሬት የምትባለው ሚስቱና ሴት ልጁ ድሬዳዋ ናቸው፤ የሚተዳደሩትም እሱ በሚልከው ነው።

የማክሰኞው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ልደቱ በዚያች ፒክአፕ አንዲት ሴት ገጭቶ እግሯን ሰብሯል። ይህን እሱም አልካደም። የተከሰሰው ግን በሁለት ነገር ነው፤ በመግጨቱና ጠጥቶ በመንዳቱ። ጠበቃው ልዩነቱን ቢሮው አስቀምጦ አስረድቶታል።

«መግጨቱ ብቻ ከሆነ አደጋ ነው። ትቀጣለህ፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። መጠጡ ከተጨመረ ግን እስር ቤት ትገባለህ። መንጃ ፈቃድህ ይሰረዛል። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ይላል። የመኖሪያ ካርድህን ልታሳድስ ስትሄድ ደግሞ ፋይልህ ይከፈታል፤ እዚያ ላይ እኔ ምንም ላደርግልህ አልችልም።»

ማስረጃው ደካማ ነበር። ያን ዕለት የደረሱት ፖሊሶች የትንፋሽ መመርመሪያ አልያዙም። ሆስፒታል ግንባሩ ሲሰፋ ሁሉም ከተጎዳችው ሴትዮ ጋር ተጠምዶ ስለነበር ደሙን የመረመረ የለም። ያለው አንድ ፖሊስ የጻፈው ቃል ብቻ ነው፤ አፉ መጠጥ ይሸታል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሲሄድ ይንገዳገዳል።

ጠበቃው ይህን ሲያነብ ሳቀ። «ዓይኑ ቀልቷል? በዚህ ጫት በሚቃምበት ከተማ ዓይኑ ያልቀላ ወንድ አምጡልኝና እኔ ልታሰር! መንገዳገዱስ? ግንባሩ የተተረተረ ሰው ሊጨፍር ኖሯል? ሽታ ነው የቀረው። አፍንጫ መሐላ አይገባም፤ መሐላ የሚገባው ሰው ነው። የሚምልልህ የተከበረ ሰው አለህ?»

ጠጥተህ ነበር ወይ ብሎ ግን አልጠየቀውም። ልደቱም አልነገረው።

ነገሩ እንዲህ ነበር።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። ዓብዱሰመድ ይህን እንደ ትልቅ ስጦታ ነበር የቆጠረው። «አየህ፣ ዘንድሮ አንድ ላይ ነን» እያለ ለገባ ለወጣው ያወራል። ልደቱ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ይችል ነበር። ግን ሰውዬው አፉ ደርቆ ጥላ ሲፈልግ እያየ፣ ጥግ ይዞ ሽሮ መብላት አሳፈረው። «እኔም ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ እቆይሃለሁ፤ አብረን እናፈጥራለን» አለው አንድ ቀን። ዓብዱሰመድ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ልደቱ ማታ ማታ ከቤተሰቡ ማዕድ ላይ ይቀመጥ ጀመር። የዓብዱሰመድ ሚስት ዓዚዛ ለእሱ ብላ ሥጋ የሌለበት ሾርባ በሌላ ድስት ትሠራለች፤ ሳምቡሳውንም በምስር ትጠቀልልለታለች።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ናጋድ ሄዶ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ወደ እማማ ዓለምነሽ ቤት ጎራ አለ። ዓለምነሽ አባታቸው የፈረንሳዩ ባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ እዚሁ ጅቡቲ ተወልደው ያረጁ ሴት ናቸው። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር የሚውለው እሳቸው ቤት ነው። ዳቦው ተቆርሶ፣ የጾም ወጡ ወጥቶ፣ ቤቱ ሞቅ ብሏል። ልደቱ ለእህል እጁን አልዘረጋም።

«ለዓብዱሰመድ ቃል ገብቻለሁ። የማፈጥረው ከእሱ ጋር ነው።»

«ውይ፣ ሰለምክብን እንዴ?» አሉ ዓለምነሽ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «በል ለበረከት እንኳን አፍህን አርጥብ።»

ጠላውን ተቀበለ። ቃል የገባሁት ስለ እህል ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ሆዱ ባዶ መሆኑን ረሳ። ከዚያ አረቄ መጣ፤ ተው የሚል ሰው አልነበረም፣ እሱም ለራሱ ተው አላለም። ሲነሣ ድምፁ ከሁሉም በላይ ሆኖ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዞ ቁልፍ አፋልጉኝ አለ። ዓለምነሽ በሩ ድረስ ሸኝተው «ትንሽ ጋደም ብትል ምን አለ?» አሉት።

«መግሪብ ሊደርስብኝ ነው፣ እማማ!»

ጾሙን በሰዓቱ ሊፈታ፣ ቃሉን ሊያከብር ሲጣደፍ ነው እንግዲህ ሰው የገጨው።

በዚያች ሰዓት የጅቡቲ መንገደኛ ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ካድራ የምትባል ሴት ካርቲየ 3 መግቢያ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። ፒክአፗ መታጠፊያውን ስታ፣ ጠረጴዛውን ገፍታ ካድራን ከግንቡ ጋር አጣበቀቻት። ሳምቡሳው አስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ ዘይቱ ፈሰሰ። ልክ ያን ጊዜ አዛን ተሰማ። ልደቱ ከዚያ ቀን ከምንም በላይ የሚያስታውሰው ይህንን ነው። አዛኑ እየተሰማ፣ ቴምር በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ፣ አንድም ሳይጎርስ ወደ ካድራ ሮጠ።

ዓብዱሰመድም ሮጦ ደረሰ። ልደቱን መሪው ላይ ተደፍቶ ግንባሩ ደም በደም ሆኖ አገኘው። ዓብዱሰመድ በዕድሜው መጠጥ ካለበት ቤት ተቀምጦ አያውቅም፤ ቢሸተውም የሚያውቀው ሽታ አልነበረም። አቅፎት ወደ ሰዉ ዞረና በሶማልኛ ጮኸ።

«ረሃብ ጥሎት ነው! ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም! ጾመኛ ነው፣ ጾመኛ ነው!»

ልደቱ አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው። በዚያች ቅጽበት ምንም አላሰበም፤ ዘጋው ብቻ። ማሰብ የመጣው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚያች ከተዘጋች አፍ ነው።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በቁጣ የመጡት የካድራ ወንድሞች «ጾመኛ ነው አሉ» ሲባሉ ድምፃቸው ወረደ። ዓብዱሰመድ ሽማግሌ ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ካድራ እግሯ በጀሶ ታስሮ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ጾም ላይ የነበረን ሰው ምን ልለው? ይቅር ብያለሁ» አለች። በዒድ ማግስት ደግሞ በምርኩዝ መራመድ እንደ ጀመረች በታናሽ እህቷ እጅ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ላከችለት። «ለጾመኛው ስጡልኝ፣ በምስር ነው» ብላ። ልደቱ አንዱን አነሣና ነከሰ። ሁለተኛ አልደገመም። ማንም ሳያየው ሳህኑን ለጎረቤት ልጆች ሰጠ።

የሳምቡሳው ነገር አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነሣው። የዓብዱሰመድ ነገር ግን በየቀኑ ነው።

ረመዳን አልቆ፣ ዒድ አልፎ፣ ዓብዱሰመድ ሰኞና ሐሙስ መጾሙን ቀጠለ። መጀመሪያ ልደቱ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ብዙ ሰው የሚጾመው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ጥቅል ሲያነሣ ዓብዱሰመድ አዞረውና ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልደቱ ውሃ አመጣለት።

«ተወው። በጾም ነኝ።»

«ምን ያስጨንቅሃል በዚህ ሙቀት? ረመዳኑ አለቀ እኮ።»

ዓብዱሰመድ ብርጭቆውን በእጁ መልሶ ገፋው። «የአንተ ነገር ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። «በሃይማኖትህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልተህ ቢሆን ኖሮ ራስህን አትስትም ነበር። ደስ ስላለኝ ብቻ እስከ መግሪብ አስቆየሁህ። ያንተ ያልሆነ ሸክም ጫንኩብህ። የካድራ እግር በአንተ ላይ አይደለም፣ በእኔ ላይ ነው። ስለዚህ ለኃጢአቴ ካሳ እጾማለሁ። ለማንም አታውራ።»

ልደቱ ብርጭቆውን እንደ ያዘ ቆመ። ንገረው የሚል ድምፅ በውስጡ ጮኸ። ሌላው ድምፅ ደግሞ፣ ከነገርከው ኢንሹራንሱ ይቀራል፣ የካድራ ሕክምና በሙሉ እሱ ላይ ይወድቃል፤ ለእሱ ስትል ዝም በል አለው። ይህ ሁለተኛው ድምፅ ውሸት አልነበረም፤ ኢንሹራንሱ በእርግጥ ይቀር ነበር። ልደቱ የተጠለለው እዚያች እውነት ሥር ነው፤ በዚያ ሰዓት ያሰበው ግን ስለ ዓብዱሰመድ እንዳልነበረ ያውቃል። ያሰበው ስለ እስር ቤቱ በር ነው።

ውሃውን ራሱ ጠጣው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዓዚዛ የታጠበ ልብስ አጥፋ ክፍሉ ድረስ አመጣችለት። እንደ ወትሮው በሩ ላይ አስቀምጣ አልሄደችም። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የልጁን ፎቶ አየችው።

«ያን ቀን የለበስከውን ሸሚዝ ማን ያጠበው ይመስልሃል?»

ልደቱ ያመጣችለትን ልብስ ወደ ጎን አስቀመጠ።

«የደሙን ቦታ እያሸሁ ነበር። ደም እንደዚያ አይሸትም።»

«እትዬ ዓዚዛ…»

«ዝም በል፣ አልጨረስኩም። እስከ ዛሬ አፌን የያዝኩት ይህችን ልጅ እያየሁ ነው። አባቷን እኔ አላሳስርባትም ብዬ። ግን ከነገ ወዲያ ባሌ በአላህ ስም ሐሰት ሊምል ነው። ሐሰት መሆኑን አያውቅም፤ ስለማያውቅ አላህ ይምረዋል። አንተ ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ። እኛንስ ማን ይምረናል?»

«እውነቱ ከወጣ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ዕዳው ለዓብዱ ነው የሚተርፈው። እኔ እኮ ለእሱ…»

«ለእሱ አስበህ ነዋ!» አለች ዓዚዛ፣ እጇን አጨብጭባ። «አየህ ክፋቴን፣ ሳላመሰግንህ! ሰውዬው በአንተ ምክንያት ሰኞና ሐሙስ ሲደርቅ ይውላል፣ አንተ ደግሞ ስለ ኢንሹራንሱ ታስብለታለህ።»

ልደቱ አንገቱን ደፋ። «ንገሪው ታዲያ። አንቺ ንገሪው።»

«እኔ ከነገርኩት ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ልክህን እንደዚያ ታስባለህ። አቦ፣ የራስህን ነገር ራስህ ጨርስ።» ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች፤ ድምፅዋ ለስልሷል። «ራትህ ድስቱ ውስጥ ነው። እንዳይቀዘቅዝ።»

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ልደቱ ሊናገር ሲል ደንበኛ ገባ፤ ደንበኛ ሲወጣ ደግሞ ቃሉ ጠፋው። አመሻሽ ላይ ዓብዱሰመድ የሱቁን መብራት ሊያጠፋ ሲል ግን የሚሸሽበት አጣ።

«ዓብዱ፣ ነገ አትማል።»

«ደግሞ ጀመረህ? ነገርኩህ እኮ…»

«ጠጥቼ ነበር።»

ዓብዱሰመድ እጁ ማብሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቀልድህን ተው። ዓለምነሽን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠይቄያታለሁ። እህል አልቀመሰም ብላኛለች።»

«እህል አልቀመስኩም። ጠላ ጠጣሁ። አረቄም ጠጣሁ። ረሃብ አይደለም የጣለኝ። ልቆም እንኳን አልቻልኩም፣ እንደዚያ ሆኜ ነው የነዳሁት። ከአንተ ጋር ላፈጥር።»

ዓብዱሰመድ ወደ ሒሳብ መቀበያ ጠረጴዛው ሄደና ተቀመጠ። ውጭ የልጆች ጩኸትና የሞተር ድምፅ ይሰማል። የሒሳብ ደብተሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ልደቱ ስድብ ይጠብቅ ነበር፤ ቢሰድበው ይቀልለው ነበር።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን የጾምኩት ለማን ነው?» አለ በመጨረሻ። ጥያቄው ለልደቱ አልነበረም። «ሌሊት እየተነሣሁ… ያ አላህ! ሰው አስርቤ ሰው አስገጨሁ እያልኩ ነበር እኮ የማለቅሰው።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?» ዓብዱሰመድ ቀና ብሎ አየው። «ያውቁ ነበር ማለት ነው። ጥሩ። በሩን ሲወጡ ይዝጉት።»

ልደቱ በዚያች «ይዝጉት» ከደረቱ ላይ አንድ ነገር ሲነቀል ተሰማው። በሩን ዘግቶ ወጣ። ነገ ሊመጣ ይሁን ሊቀር፣ መጥቶስ ምን ሊል እንደሆነ አልጠየቀውም። የመጠየቅ መብት ያለው አልመሰለውም።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ያሉት ነፋስ ማራገቢያዎች ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሱታል። ካድራ ሁለት ምርኩዞቿን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልደቱን ስታየው ራሷን ነቅንቃ ሰላምታ ሰጠችው። አጎነበሰ። አስተርጓሚዋ ውብነሽ የምትባል፣ እዚሁ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ ፈረንሳይኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ፈረንሳይኛ ትመልሳለች። ጠበቃው ካባውን እያስተካከለ ወደ ልደቱ ጆሮ ጠጋ አለ።

«መጠጥ ስትባል ጾም ላይ ነበርኩ በል። ሌላ አትጨምር። ምስክራችን የት አለ?»

ዓብዱሰመድ ዘግይቶ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ከልደቱ ርቆ፣ በሌላው በኩል ተቀመጠ።

ዳኛዋ ልደቱን አስነሥታ አደጋውን አስተረከችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠየቀች፤ ውብነሽ አስከትላ፣ «በዕለቱ የአልኮል መጠጥ ጠጥተህ ነበር ወይ?» አለች።

ልደቱ ሌሊቱን ሙሉ መልሱን ሲለማመድ ነው ያደረው። እውነቱን ሊናገር ነበር የመጣው። ግን የፖሊሱ ካቴና ጎን ላይ ተንጠልጥሎ አየ፤ ልጁን አሰበ። አፉ ራሱ የለመደውን መረጠ።

«ጾም ላይ ነበርኩ።»

«የጠየቅኩህ ሌላ ነው» አለች ዳኛዋ።

ጠበቃው ብድግ ብሎ፣ ይህን የሚያስረዳ ምስክር አለን አለ። ዓብዱሰመድ ተጠራ። ቀኝ እጁን አንሥቶ እውነት ሊናገር ማለ።

«ይህ ሰው ብዙ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል» አለ ዓብዱሰመድ በፈረንሳይኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠ። «ከሱቄ አንዲት ክር ጠፍታ አታውቅም። በረመዳን ለእኔ ብሎ እስከ መግሪብ ይቆይ ነበር። ያን ዕለትም ከሱቅ ሲወጣ አልበላም። ይህን አይቻለሁ።»

«ጠጥቶ ነበር?»

«ከሱቅ ከወጣ በኋላ አብሬው አልነበርኩም። ያላየሁትን አልምልም። አብሮት የነበረው ራሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት።»

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ። ዓብዱሰመድ ወደ ቦታው ሲመለስ ልደቱን አላየውም። ልደቱም ገባው። አሳልፎ አልሰጠውም፤ አልዋሸለትምም። በሩን ወለል አድርጎ ትቶለት ሄደ። አሁንም ቢሆን ማንም አያስገድደውም፤ «አልጠጣሁም» ቢል ያለው የፖሊሱ አፍንጫ ብቻ ነው። ትናንት ለዓብዱሰመድ የነገረው ሁሉ ሱቅ ውስጥ የቀረ ወሬ ይሆናል።

ተነሣ።

«ጠጥቼ ነበር» አለ በአማርኛ።

ውብነሽ ወዲያው አልተረጎመችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ እሱ ዘንበል አለች። «ወንድሜ፣ ይሄን ልበለው?»

«በይው።»

«ካልኩት አይመለስም።»

«በይው፣ እህቴ። ጠላና አረቄ በባዶ ሆዴ ጠጣሁ። ተኛ ብለውኝ ነበር፣ አልሰማሁም። ረሃብ ነው ያሉት እኔን ያመኑ ሰዎች ናቸው። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ይሄንንም ጨምሪበት።»

ፈረንሳይኛው አዳራሹ ውስጥ ተሰማ። ጠበቃው ወረቀቱን በዝግታ ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ዳኛዋ ጽፋ ጨረሰችና ወደ ካድራ ዞረች፤ የምትይው አለሽ ወይ አለቻት።

ካድራ በምርኩዞቿ ተነሣች። የተናገረችው በሶማልኛ ነው፤ ልደቱ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

«ሽማግሌ ፊት ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያልኩት ግን ጾም የጣለውን ሰውዬ ነው። ለእሱ ሳምቡሳ ልኬያለሁ፣ ለእሱ ዱዓ አድርጌያለሁ። እንዲያ ያለ ሰው የለም እያላችሁኝ ነው። እንግዲያው ይቅርታዬን መልሱልኝ።» ቆም ብላ ልደቱን አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ የማታውቀውን ሰው የምታይ ነው የምትመስለው። «ይሄኛውን ሰው ገና ዛሬ ነው ያየሁት። ስለ እሱ አላሰብኩም። ማሰብ እፈልጋለሁ።»

ተቀመጠች። ልደቱ ልክ ናት አለ በልቡ። እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

ዳኛዋ ለአጭር ጊዜ ወጥታ ተመለሰች። ማመኑ ተቆጥሮለታል፤ ቢሆንም ለወራት ይታሰራል፣ ከዚያም ሌሎች ወራት በገደብ ይቀራሉ። መንጃ ፈቃዱ ተሰርዟል። የካድራን ሕክምና ኢንሹራንሱ አልከፍልም ካለ የመኪናው ባለቤት ይጠየቃል። ስለ መኖሪያ ካርዱ ምንም አልተባለም፤ ያ የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው። ውብነሽ ሁሉንም ተረጎመችለት፤ የወራቱን ቁጥር ስትናገር ብቻ ድምፅዋ ተሰበረ።

ኮሪደሩ ላይ ፖሊሱ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ዓብዱሰመድ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ከአደጋው ወዲህ ልደቱን ባየው ቁጥር ዓይኑ ላይ የነበረው ሐዘኔታ የለም። ቁጣ ነበር በቦታው፤ ልደቱ ቁጣውን ቀና ብሎ አየው፣ አልሸሸውም።

«የካድራን እኔ እከፍላለሁ» አለ ዓብዱሰመድ። «ልብስና ምግብ ዓዚዛ ትልካለች። ሌላውን አላውቅም። አሁን አይጠይቁኝ።»

«አልጠይቅም።»

«ናዝሬት ከጠዋት ጀምሮ እየደወለች ነው። ባለፈው እኔ ነኝ የነገርኳት፣ በረሃብ ነው ብዬ። ዓብዱሰመድ ከማለ ነገሩ አለቀ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስደስታለች።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ይሄኛውን እኔ አልነግራትም።»

ፖሊሱ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቅንቆ ፈቀደ። ዓብዱሰመድ ስልኩን በታሰሩት እጆች ላይ አስቀምጦ ርቆ ቆመ። ልደቱ በአውራ ጣቱ ቁጥሩን ነካ። ሁለቴ እንኳን ሳይጠራ ተነሣ።

«ዓብዱ! አለቀ? ፈቱት?» የናዝሬት ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል፣ እልል ለማለት የተዘጋጁ ይመስላሉ። «ሄሎ? ዓብዱ?»

«እኔ ነኝ፣ ናዝሬት» አለ ልደቱ። «ከሰዎቹ ራቅ በዪ። ከመጀመሪያው ጀምሬ የምነግርሽ ነገር አለ።»